ዘንዶው እኛ ግቢ በከረመ ጊዜ

እግሬ የተሰበረው በዝንጀሮ ምክንያት ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ዝንጀሮው የነከሰኝ ወይም ገፍትሮ የጣለኝ ይመስለዋል። እንደዚያ ቢሆን እንኳ ትንሽ ክብር ይኖረው ነበር። ዝንጀሮው ጫፌን አልነካኝም። አርባ ምንጭ ከተማ፣ ሴቻ ካለው ቢሯችን፣ እኔ ከምሠራበት መዝገብ ቤት፣ በመስኮት ገብቶ ምሳ ዕቃዬን አንሥቶ ወጣ። ምሳ ዕቃው ገና ሳምንት ያልሞላው ስለነበር ተከተልኩት። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ስወርድ የመጨረሻዋን ደረጃ አጣኋት። ከወደቅኩበት ቀና ስል ዝንጀሮው አጥሩ ላይ ተቀምጦ፣ ክዳኑን ከፍቶ፣ የጠበስኩትን ዓሣ ያሸታል። አልወደደውም። ጣለው።

ሐኪሙ እግሬን በጄሶ ጠቅልሎ "ስድስት ሳምንት" አለኝ። ምን እንደጣለኝ ሲጠይቀኝ "ዝንጀሮ" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና ካርዱ ላይ "መውደቅ" ብቻ ብሎ ጻፈ።

የምኖረው እዚያው ከተማ ሲቀላ፣ ከገበያው ጀርባ በሚገኝ ግቢ ውስጥ፣ በአንዲት ክፍል ነው። ፊት ለፊት ያለው ትልቁ ቤት የአከራዬ ነው። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጆቻቸውም በየአገሩ ናቸው። ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ዕድሜያቸውን የጨረሱት አዞ እርባታ ውስጥ ነበር፤ እንቁላል ሲለቅሙ፣ ጫጩት ሲመግቡ። የግራ እጃቸው ትንሿ ጣት የለችም። ሰፈሩ ሁሉ አዞ በላት ይላል። እሳቸው ግን አንድም ቀን ዋሽተው አያውቁም፤ "የመኪና በር ነው" ይላሉ፤ ጠያቂውም ሁሌ ቅር ብሎት ይሄዳል። እኔ "አባባ" ነው የምላቸው።

እግሬ መሰበሩን የሰማችው አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ በማግስቱ ከደጋው ጨንቻ ወረደች። ይዛ የመጣችው አንድ ማዳበሪያ ፖም፣ እንዝርቷን ከነጥጧ፣ መጽሐፍ ቅዱሷንና ሁለት ሹራብ ነበር። ሹራቦቹን በሩ ላይ እንደደረሰች ወርውራ "እዚህ እሳት ውስጥ ነው እንዴ የምትኖሪው?" አለችኝ። ለጨንቻ ሰው አርባ ምንጭ እሳት ናት። አክስቴ በቤተ ክርስቲያናቸው የጸሎት ቡድን ትመራለች፤ ድምፅዋም ማይክ አያስፈልገውም። አማርኛ የለመደችው ገበያ ላይ ስለሆነ አንዳንዴ ወንዱንና ሴቱን ትቀላቅላለች፤ እኔን "ብላ" ትለኛለች፣ የአባባን ውሻ "ነይ" ትለዋለች፣ ሁላችንም ይገባናል።

ጊዜ ማሳለፊያ የሚሆነኝ መጽሐፍ ያመጣችልኝ ሴቻ አንድ ሆቴል በእንግዳ ተቀባይነት የምትሠራ ጓደኛዬ ናት። አንድ ፈረንጅ ክፍሉ ውስጥ ትቶት ሄዶ፣ ለወራት ባንኮኒው አጠገብ የበር መደገፊያ ሆኖ ከርሟል። "ካላነበብሽው እግርሽን ታሳርፊበታለሽ" አለችኝ። ውፍረቱ ለዚያም ይበቃ ነበር። ሽፋኑ ላይ አረንጓዴ፣ ባለ ክንፍ፣ ከአፉ እሳት የሚተፋ ፍጥረት ተሥሏል።

አክስቴ ሽፋኑን እንዳየች እንዝርቷን አስቀመጠች።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ልብ ወለድ ነው አክስቴ።"

"ሥዕሉን ነው የጠየቅኩሽ።"

"ዘንዶ።"

"ዘንዶ ማን እንደሆነ ዮሐንስ ራእይ ላይ ተጽፏል።"

"ይሄ ሌላ ዘንዶ ነው።"

"ስንት ናቸው?" አለችና መጽሐፉን በደረቱ አስተኝታ መጽሐፍ ቅዱሷን ከላይ ጫነችበት፤ ከሥር ተነሥቶ እንዳይወጣ ይመስል።

ሁለት ቀን ጣሪያ ሳይ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን እሷ ገበያ ስትሄድ መጽሐፉን አውጥቼ በጋዜጣ ሸፈንኩትና ጀመርኩ። እንግሊዝኛዬ የቢሮ እንግሊዝኛ ነው፤ ደብዳቤ ላይ የማይገኝ ቃል ሲመጣ በግምት እዘላለሁ። ቢሆንም ሃያ ገጽ ሳልሞላ ተያዝኩ። የሚያወራው የንጉሥ ማድ ቤት ውስጥ አመድ ስለምታወጣ ልጅ ነው። እናት አባት የላትም፤ ስሟን እንኳ በትክክል የሚጠራት የለም። አንድ ቀን ከምድጃው አመድ ስታወጣ አካፋዋ ጠንካራ ነገር መታ። እዚያ ቦታ ላይ ሳላስበው ጮኽኩ።

አክስቴ ለካ ተመልሳ በሩ ሥር ጥጧን እየፈተለች ነበር።

"ምን ሆንሽ? እግርሽ ነው?"

"ምንም።"

"ምንም ካልሆነ ለምን ጮኽሽ?"

መዋሸት አልቻልኩም። "አንዲት ልጅ አመድ ውስጥ እንቁላል አገኘች" አልኳት።

"የምን እንቁላል?"

"የዘንዶ።"

እንዝርቱ ቆመ። "እና ጣለችው?"

"አልጣለችም። አልጋዋ ሥር ደበቀችው።"

"ሞኝ!" አለች አክስቴ። እንዝርቱ እንደገና መሽከርከር ጀመረ። ትንሽ ቆይታ "ጌታዋ ቢያገኝባትስ?" አለች። ሌላ ትንሽ ቆይታ "እና ተፈለፈለ?"

"አላውቅም፤ እዚያ ጋ ነኝ።"

"ታዲያ ምን አፍሽን ትከፍቺያለሽ? አንብቢ!"

እንዲህ ነው የተጀመረው። ከዚያ ቀን በኋላ፣ ከምሳ በኋላ ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ አክስቴ ወንበሬን ማንጎው ሥር ታወጣለች፣ እግሬን የሳሙና ካርቶን ላይ ትሰቅላለች፣ እኔ በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ በልቤ አነብና፣ አባባ በረንዳቸው ላይ ስላሉ፣ በአማርኛ እነግራታለሁ፤ ስሜት ሲይዘኝ ደግሞ ሳላውቀው ወደ አፍ መፍቻችን ጋሞኛ እገባለሁ። አክስቴ ጥፋቷን እንዲህ ስትል አቃለለችው፦ "እኔ የምሰማው ልጅቷ መጨረሻዋ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ነው። ዘንዶው አይመለከተኝም።"

አባባ በረንዳቸው ላይ ሬዲዮናቸውን ይጠግናሉ። ሬዲዮው ደህና መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በመጀመሪያው ቀን ጀርባቸውን ሰጥተውን ነበር። በሁለተኛው ቀን ጎናቸውን። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ እንቁላሉን በየማታው ከአልጋዋ ሥር እያወጣች ምድጃው ዳር እንደምታሞቀውና ሁሉም በኩል እኩል እንዲሞቅላት እንደምታገላብጠው ስተረጉም፣ ከበረንዳው "ቁሚ!" የሚል ድምፅ መጣ።

አክስቴም እኔም ደነገጥን። አባባ ካቻቢቴ እንደያዙ መጡ።

"ምን አደረገችው አልሽ?"

"አገላበጠችው።"

"አለቀ። ሞቷል። መጽሐፉን ዝጊው።"

"አባባ፣ ገና ስድስት መቶ ገጽ ይቀራል እኮ!"

"ስድስት ሺህ ቢቀርስ! የአዞ እንቁላል ከተጣለ በኋላ ጽንሱ ከላይ ከቅርፊቱ ጋር ይጣበቃል። ከገለበጥሽው ይታፈናል። እኛ ከጎጆው ስናነሣ የእያንዳንዱ አናት ላይ በእርሳስ ምልክት እናደርግ ነበር፣ ላዩ ላይ፣ ታቹ ታች እንዲሆን። አዲስ ሠራተኛ አንድ ገልብጦ ካየነው ምሳ አይበላም ነበር።"

"ይሄ ግን አዞ አይደለም፣ ዘንዶ ነው" አልኩ።

"ጀርባው ላይ ቅርፊት የለውም?"

"አለው።"

"ጭራ የለውም?"

"አለው።"

"ታዲያ! የሚገለበጠው የዶሮ እንቁላል ነው። ይሄን የጻፈው ሰውዬ ከዶሮ ሌላ የሚያውቀው የለም" ብለው ሄደው ተቀመጡ። ነገር ግን ወንበራቸውን እኛ ወዳለንበት አዙረው ነበር።

በማግስቱ እንቁላሉ ተፈለፈለ። ዜናውን ስናገር ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር፣ አባባን ላለማሳፈር። አክስቴ ግን እልል አለች። አባባ ካቻቢቴያቸውን አገላበጡና "ዕድል ነው፤ ከመቶ አንድ ያጋጥማል" አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሬዲዮው ተረሳ። በዘጠኝ ሰዓት ወንበራቸውን ይዘው ማንጎው ሥር ቀድመውን ይገኙ ነበር።

ችግሩ ሁለቱም ዝም ብለው አይሰሙም። መጽሐፉን የጻፈው ሰው አንድ ገጽ ላይ የሚጨርሰውን እኛ አንዳንዴ ግማሽ ቀን እንወስድበታለን። በመጀመሪያ የጾታው ጉዳይ ተነሣ። አክስቴ "በላች?" ስትል ቆይታ "ተኛ?" ትላለች። አባባ ግራ ገባቸው።

"ወንድ ነው ሴት?"

"መጽሐፉ ወንድ ነው ይላል" አልኩ።

"በምን አውቆ? ሙቀቱን ለክቷል? ጎጆው በጣም ከሞቀም በጣም ከቀዘቀዘም የምትወጣው ሴት ናት። ወንድ የሚሆነው መሀል ላይ ሲሆን ነው። ይሄ ምድጃ ዳር የኖረ ነው። ሴት ናት!"

አክስቴ "እኔስ ምን አልኩ?" አለች። ምንም አላለችም ነበር፤ ግን ከዚያ በኋላ ዘንዶው በእኛ ግቢ እንደ አፍ አመጣጥ ሆነ፤ ሲቆጣ ወንድ፣ ሲያሳዝን ሴት።

ከዚያ የቀለቡ ጉዳይ መጣ። ልጅቷ ከንጉሡ ገበታ የተረፈ ዳቦ ሰርቃ ስታበላው አባባ ጭንቅላታቸውን ያዙ። "ዳቦ? ለዚህ ፍጥረት ዳቦ? ይሄን ጊዜ የሚያስፈልገው ዓሣ ነው፣ ጉበት ነው፣ የደቀቀ። አጥንቱ እንዴት ይጠንክር?" አክስቴም እዚህ ላይ ተስማማች። "ልጁ ይከሳል" አለች። ቀኑን ሙሉ ስትበሳጭ ዋለችና ማታ ኩርኩፋ ስትሠራ፣ የበቆሎውን ሊጥ ከሽፈራው ቅጠሉ ጋር እየደባለቀች፣ "ይሄን ብትሰጠው ምን ነበረበት?" ስትል ሰማኋት።

የሁለቱም ሃይማኖት ሰላም አልሰጣቸውም። አክስቴ የዘንዶው ክፉ አለመሆን ያሳስባት ነበር። ክፉ ቢሆን ይቀላት ነበር። አንድ ቀን ንጉሡ የልጅቷን ማደሪያ ሊያቃጥል ወታደር ሲልክ ዘንዶው ክንፉን ዘርግቶ ሸፈናት። አክስቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። "ንስሐ ቢገባ ይድን ነበር" አለች። ኋላ እንደሰማሁት ለጸሎት ቡድኗ በስልክ የጸሎት ርእስ ልካለች፦ "ጥሩ ልብ ያለው፣ ነገር ግን ሥሩ መጥፎ ለሆነ አንድ ወጣት።" ጨንቻ ያሉት ሦስት ቀን ጾመውለታል።

አባባ ደግሞ ሳሎናቸው ውስጥ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል አላቸው፤ ፈረሱ ነጭ፣ ከሥሩ የተወጋው ደራጎን። አንድ ቀን ከሰዓት ከሥዕሉ ፊት ቆመው ቆዩና ወጥተው ተቀመጡ።

"ዛሬ የነፍስ አባቴን ጠየቅኳቸው" አሉን።

"ምን ብለው?" አለች አክስቴ።

"በየወሩ በሃያ ሦስት ሰማዕቱን የምዘክር ሰው፣ አንድ ደራጎን እንዲያድግ ብመኝ ኃጢአት ይሆንብኛል ወይ ብዬ።"

"እና ምን አሉ?"

"'ዕድሜዎ ስንት ሆነ?' አሉኝ።"

አክስቴ ከሣቋ ብዛት እንዝርቷ ወደቀ። አባባም ትንሽ ቆይተው ሣቁ። ያን ቀን ምንም ሳናነብ ዋልን።

አሁን ወደ ቀበሌው ጉዳይ ልምጣ። አክስቴ በየቀኑ ከንባቡ በኋላ ጨንቻ ላለችው እህቷ ትደውላለች። ኔትወርኩ ጥሩ ቢሆንም ባይሆንም ትጮኻለች፤ በእሷ ሐሳብ ጨንቻ ሩቅ ናት። ያነበብነውን አንድም ሳታስቀር በጋሞኛ ታወራላታለች። ከግቢያችን አጥር ውጭ ሙዝ የምትሸጥ ሴት አለች፤ ጋሞኛ አፍ የፈታችበት ነው። የሰማችው ይህን ነው፦

"አዎ፣ አድጓል! አሁን አልጋ ሥር አይበቃውም! ልጅቷ ደብቃዋለች፣ ማንም አላወቀም! ትናንት አንድ ፍየል ዋጠ! አይ፣ እሷን አይነካትም፣ ለምዷታል! ሽማግሌው ግን ሥጋ ጨምሩለት እያለ ነው!"

ሙዝ ሻጯ ሙዟን ትታ ሄደች።

በማግስቱ አምስት ሰዓት ገደማ የግቢው በር ተንኳኳ። አክስቴ ስትከፍት የቀበሌው ሊቀመንበር ቆመዋል። ከኋላቸው አንድ ሚሊሻ ረጅም ዱላና ጆንያ ይዟል። ከእሱ ኋላ ሙዝ ሻጯ፣ ከእሷም ኋላ ግማሽ ሰፈር። አንዲት ሴት በሃይላንድ ጠርሙስ ጠበል ይዛለች።

"ሰላም ዋላችሁ" አሉ ሊቀመንበሩ፣ እግራቸውን ግን ወደ ውስጥ አላስገቡም። "አንድ ጥቆማ ደርሶናል። እንስሳ አለ ይባላል።"

"ውሻ አለ" አለች አክስቴ።

"ከውሻ ሌላ።"

"ዶሮዎች።"

ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እግሯ የተሰበረ ልጅ አልጋዋ ሥር ዘንዶ ታሳድጋለች ተብሏል።"

እኔ ክፍሌ ውስጥ አልጋዬ ላይ ነበርኩ፤ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ተነሥቼ እንዳልወጣ ክራንቹ ሩቅ ነው። "የለም! መጽሐፍ ነው!" ብዬ ጮኽኩ። ከውጭ የተሰማው ግን "የለም!" ብቻ ነበር መሰለኝ፤ ይህም የባሰ አስጠረጠረኝ።

ሚሊሻው ገባ። ወጣት አይደለም፤ ጺሙ የሸበተ፣ ቀልድ የማያውቅ ፊት ያለው ሰውዬ ነው። "እህቴ፣ አይንቀሳቀሱ" አለኝ። ጄሶዬን እያየ ነው እንዲህ የሚለኝ። ዱላውን ወደ አልጋው ሥር ሰዶ ወዲያና ወዲህ አማሰለ። አንድ ነገር ተንከባለለ። ሚሊሻው ወደ ኋላ ዘሎ ጠረጴዛዬን መታ፣ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ቴርሞስ ወደቀ፣ ውጭ ያለው ሰፈር ጮኸ፣ ጠበል የያዘችው ሴት በሩ ላይ ካለችበት ጠርሙሱን ጨመቀችና ሚሊሻውን ከራሱ እስከ ደረቱ አራሰችው። ከአልጋው ሥር ቀስ እያለ የወጣው የአክስቴ ፖም ነበር። ቀጥሎ ሌላ ፖም። ማዳበሪያው በዱላው ተቀዶ ነበር። ፖሞቹ አንድ በአንድ እየተንከባለሉ በበሩ ወጥተው ሊቀመንበሩ ጫማ ሥር ደረሱ።

በዚህ መሀል አባባ መጡ። "ምን ትፈልጋላችሁ?" ሲሉ ሊቀመንበሩ "አባባ፣ እርስዎ ባለሙያ ነዎት፣ እውነቱን ይንገሩን፤ እዚህ ግቢ ዘንዶ አለ ወይስ የለም?" አሏቸው።

አባባ፣ ዋሽተው የማያውቁት ሰው፣ አሰቡ። "አለ" አሉ።

ሰፈሩ ወደ ኋላ ሸሸ።

"ግን መጽሐፍ ውስጥ ነው" ብለው ጨረሱ። ዘግይተው ነበር፤ ግማሹ ሰው ከግቢው ወጥቷል።

መጽሐፉን ከትራሴ ሥር አውጥቼ አሳየሁ። ሊቀመንበሩ ጋዜጣውን ገልጠው ሽፋኑን አዩ። "ይሄ ነው ፍየል የበላው?" አሉ።

"ይሄ ነው።"

ሊቀመንበሩ መጽሐፉን ለሚሊሻው አሳዩት። ሚሊሻው ፊቱን እየጠረገ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። "ክንፍ አለው" አለ። ከዚያ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ትንሽ ፈታ ብሎ፣ "መብረር ጀምሯል?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ገና ነው። ነገ ሳይጀምር አይቀርም።"

ሚሊሻው በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። ዱላውን አጥሩ ላይ አስደግፎ ከእኛ ትንሽ ራቅ ብሎ ተቀመጠ፤ አክስቴ ፖም ሰጠችው። ዘንዶው ከንጉሡ ግንብ ጫፍ ላይ ዘሎ ሲበር "እሰይ!" ያለው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሥራው ወደዚህ ሰፈር ያመጣው ጀመር።

እንዲህ እያልን አምስተኛው ሳምንት ላይ ወደ መጨረሻው ደረስን። መቼም ሰው ነኝ፣ መጠበቅ አቃተኝ። አንድ ጠዋት አክስቴ ገበያ ስትሄድ የቀሩትን ገጾች ብቻዬን አነበብኳቸው። ዘንዶው ልጅቷን ከንጉሡ ጦር ሲያድን ክንፉ ሥር ቀስት ተሰካበት። ዘጠኝ ቀን ምግብ አልቀመሰም። በአሥረኛው ቀን ልጅቷ ጭን ላይ ራሱን አድርጎ ሞተ። ልጅቷም በእጇ አመድ አፍሳ አለበሰችው። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አነባሁ። የማላውቀው ሰው የጻፈው፣ በዓለም ላይ የሌለ እንስሳ፤ የጓደኛዬ ሆቴል በር መደገፊያ የነበረ መጽሐፍ። ራሴን ታዘብኩ፤ ግን ማቆም አልቻልኩም።

አክስቴ ዘንቢሏን ይዛ ገባች። "ዓይንሽ ምን ሆነ?"

"ሽንኩርት ነው።"

"ሽንኩርቱ እኮ እኔ ጋ ነው" አለች፣ ዘንቢሉን እያየች። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም።

ከሰዓት ማንጎው ሥር ሦስቱም ቁጭ ብለው ሲጠብቁኝ አየሁ። አባባ ለመጨረሻው ቀን ብለው ኮት ለብሰዋል። ሚሊሻው ባርኔጣውን አውልቋል። ጨንቻ የጾሙት ሰዎች ትዝ አሉኝ። እስከ ቀስቱ ድረስ በትክክል ተረጎምኩ። ከዚያ አፌ የራሱን መንገድ ያዘ።

"በአሥረኛው ቀን" አልኩ፣ "ዘንዶው ዓይኑን ገለጠ።"

አክስቴ እንዝርቷን አቆመች።

"ዘጠኝ ቀን አልበላም ነበር አልሽ?" አሉ አባባ።

"አዎ።"

"ቀስቱስ?"

"ልጅቷ አወጣችው።"

"በምን?"

"በ... በጉጠት።"

"ቁስሉን በምን አጠበችው?"

"በጨውና በሞቀ ውኃ።"

"ጥሩ አድርጋለች" አሉ። እኔም ቀጠልኩ። ዘንዶው አገገመ፤ ልጅቷን ጀርባው ላይ አስቀምጦ ተራራዎቹን ተሻገረና ሁለት ሐይቆች ወዳሉበት ቆላ አገር ወረደ። እዚያ ዓሣ ሞልቷል፤ ማንም አያባርረውም። "አበቃ" አልኩና መጽሐፉን ዘጋሁ። ሚሊሻው አጨበጨበ። አክስቴ ግን ዓይኗን ከመጽሐፉ አላነሣችም።

ጄሶው ተፈትቶ መራመድ ስጀምር አክስቴ ልትመለስ ተነሣች። አውቶቡስ ተራ ሸኘኋት። የጨንቻው መኪና እስኪሞላ በመስኮት ስናወራ፣ ድንገት አንገቷን አወጣችና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለእሷ ዝቅ ባለ ማለቴ ነው፣ ረዳቱም ሳይሰማ አልቀረም፣ እንዲህ አለችኝ፦

"ሞቷል አይደል?"

"ማን?"

"አትጃጃይ። የመጨረሻውን ስትነግሪን የከፈትሽው ገጽ ላይ አንድም ጽሑፍ አልነበረም። እንግሊዝኛ አላውቅም፤ ባዶ ወረቀት ግን አውቃለሁ።"

"ይቅርታ አክስቴ" አልኩ።

"ምን ይቅርታ? ደግ አደረግሽ። ብቻ ለሽማግሌው እንዳትነግሪ። ሰውየው ብቻውን ነው የሚኖረው፤ ይሄን ከሰማ ይጎዳል።" መኪናው ተነሣ። እሷም እስከ መታጠፊያው ድረስ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ታስጠነቅቀኝ ነበር።

ቤት ስመለስ አባባ በረንዳቸው ላይ ነበሩ። ጠሩኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"አክስትሽ ሄዱ?"

"ሄደች አባባ።"

"እንግዲህ አሁን እንነጋገር።" ግራ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። "ክንፍ ሥር የተወጋ፣ ዘጠኝ ቀን ያልበላ አይተርፍም። ይሄን ያህል ዓመት አይቻለሁ። በሦስተኛው ቀን ካልበላ ገንዳውን ነው የምናጥበው። ሞቷል፤ አይደል?"

"ሞቷል" አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ፊታቸውን ወደ ማንጎው አዞሩ። ከዚያ "አክስትሽ እንዳይሰሙ" አሉኝ። "ለዚያ እንስሳ ሕዝብ ሰብስበው አስጾመዋል። ልባቸው ይሰበራል።"

ለሁለቱም ማልኩላቸው፤ መሐላዬንም እስካሁን አላፈረስኩም።

አሁን እግሬ ደህና ነው፤ ቢሮዬ ተመልሻለሁ፣ መስኮቱንም ዘግቼ ነው የምበላው። አክስቴና አባባ በስልክ ይጠያየቃሉ። እሑድ እሑድ፣ ሁለቱም ከየቤተ ክርስቲያናቸው ሲመለሱ፣ አባባ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው ስልኩን ከጆሯቸው አርቀው ይይዛሉ፤ የአክስቴ ድምፅ ያለዚያም ግቢውን ይሞላል።

"ደህና ነው ያ ልጅ?" ትላለች ከጨንቻ።

"ደህና ነው እህቴ፣ ምን ይሆናል" ይላሉ አባባ፣ ያ ዋሽተው የማያውቁት ሰው። "ዓሣው ተስማምቶታል። ይሄን ጊዜ አምስት ሜትር ሳይሞላ አይቀርም።"

"ተመስገን! እየወፈረች ነው ማለት ነው?"

"በጣም እንጂ! ክንፏ ብቻ ትንሽ ከበዳት።"

እኔም ልብሴን እያሰጣሁ እሰማቸዋለሁ፤ አንድ ቃል አልተነፍስም።